ያልተሰረቀው የመመረቂያ ጽሑፍ

አቶ እንግዳው በሕይወታቸው የተካኑት ሙያ መያዝ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ በከብት ክትባት ሥራ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ሲያገለግሉ ሐኪሙ ይወጋል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ እሳቸው የበሬውን ቀንድ ይይዛሉ። በሬው ሲድን ምስጋናው ለሐኪሙ ነው፤ በሬው ሲራገጥ ርግጫው የእሳቸው ነው። በግራ ጭናቸው ላይ ያለውን ጠባሳ የተወላቸው የዘንገና ወይፈን ነው። ከመንግሥት ሥራ የተረፈኝ የምስክር ወረቀት ይኼው ነው እያሉ ይቀልዱበታል።

ጡረታ ከወጡ በኋላም ዕጣቸው አልተለወጠም። በሰፈራቸው ሰው ሲጣላ ሦስት ሽማግሌ ይጠራል። አንደኛው ይናገራል፣ ሁለተኛው ያመዛዝናል፣ ሦስተኛው ቁጥር ይሞላል። አቶ እንግዳው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሦስተኛ ነበሩ። ከዳር ይቀመጣሉ፣ የበዳዩን ጫማ ያያሉ፣ በመጨረሻም «እኔም በዚሁ እስማማለሁ» ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ ነገሩን በአጭሩ ነው የሚገልጹት፦ «አንተን ከመጥራት አንድ ዱካ ቢያስቀምጡ ምን ይጎድልባቸዋል? ዱካ ጠላ አይጠጣ።» አቶ እንግዳው ስቀው ያልፉታል። ግን አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው «አንተ በዳይ፣ ተነስና ተናገር» ቢሉ ይወዱ ነበር።

ከከተማው ዳር ያለው ኮሌጅ በበኩሉ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ ከሥነ ምግባር ጋር የሚተዋወቁበትን ዕድል በገፍ አዘጋጅቷል። አንደኛ ዓመት ላይ ኮርስ አለ፤ ፈተናው እውነት ወይም ሐሰት የሚባል ሲሆን መልሱ ከአምናው ስለማይለወጥ ተማሪው ለጥናት አይቸገርም። ክበብ አለ፤ የመተዳደሪያ ደንቡ ከሌላ ኮሌጅ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፣ አራተኛው ገጽ ላይ የዚያኛው ኮሌጅ ስም እስከ ዛሬ አልወጣም። በየኮሪደሩ «ታማኝነት መለያችን ነው» የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ በመስታወት ተሸፍኖ ቁልፍ ተደርጎበታል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ያለ መስታወት የተሰቀሉት ጠፍተዋል። ከሁሉም በላይ ግን የሥነ ምግባር ሳምንት አለ። በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አምስት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ወትሮው ሥራው ይመለሳል።

የክበቡ አስተባባሪ መምህር ክንዴ ይባላል። ገና ሠላሳ አምስት ያልሞላው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሥራው ከመሠራቱ በፊት ሪፖርቱን መጻፍ የሚያስደስተው ሰው ነው። በዚያ ዓመት ለሥነ ምግባር ሳምንት «ባህላዊ ሽምግልና ለዘመናዊ ተማሪ» የሚል ዝግጅት አሰበ። ተማሪዎች አንድ ጠብ ይተውናሉ፤ ከከተማው የተጠሩ ሦስት ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ፤ ፎቶ ይነሳል። ለጠቡ የተመረጠው ጉዳይ አንድ ተማሪ የሌላዋን የመመረቂያ ጽሑፍ ገልብጦ በስሙ ማስገባቱ ነበር። ይህ የተመረጠው በኮሌጁ ውስጥ ፈጽሞ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ስለሆነ ማንም አይከፋም ተብሎ ነው።

ለሽማግሌዎቹ የሄደው ደብዳቤ «በተማሪዎቻችን መካከል የተፈጠረውን አለመግባባት በባህላችን መሠረት ይፈቱልን ዘንድ» ይላል። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው። ቲያትር መሆኑን ግን አይገልጽም። መምህር ክንዴ ይህን መጻፍ አስተዋይ ሰውን እንደ መሳደብ ይቆጠራል ብሎ ነው የተወው።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች ለቀብር ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ሄደው ስለነበር አቶ እንግዳው ብቻቸውን ቀሩ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ነጠላቸውን እያጣጠፉ እየሰጧቸው፣ «ብቻህን ሄደህ ከማን ጋር ነው የምትስማማው?» አሏቸው።

«ዛሬ እኔ ነኝ የምናገረው።»

«ተው እንጂ። ድምፅህ አለ እንዴ እስካሁን?»

አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ተማሪ ነበር። ሁሉም ለሥነ ምግባር ካለው ፍቅር የተነሳ ነው የመጣው፤ የተገኘ ሰው አምስት ነጥብ እንደሚያገኝ የተነገረው ትናንት ነበር። መድረኩ ላይ ትልቅ ዛፍ የተሳለበት አንሶላ ተሰቅሏል። ግቢው ውስጥ ሃምሳ ዛፍ ቆሞ ሳለ በአንሶላ ላይ ዛፍ ለምን እንደተሳለ አቶ እንግዳው አልገባቸውም። የተማረ ሰው አሠራር ነው ብለው አለፉትና መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፣ ግን መካከለኛ ነው።

በዳይ ሆኖ የቀረበው አበረ የሚባል የሦስተኛ ዓመት የእርሻ ተማሪ ነው። የሌባውን ቦታ የሚወስድ ሰው ጠፍቶ ነበር፤ አበረ እሺ ያለው ሰው ተቸግሮ ማየት ስለማይሆንለት ነው። ተበዳይ የሆነችው ሜላት የዳንግላ ልጅ ናት። እሷን ማንም አልለመናትም፤ ለተሻለ ተዋናይ የግድግዳ ሰዓት እንደሚሸለም ሰምታ ራሷ ነው የተመዘገበችው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን በደለሽ?» አሉ አቶ እንግዳው። ድምፃቸው ነበረ።

«የመመረቂያ ጽሑፌን ሰረቀኝ፣ አባባ። ስድስት ወር የለፋሁበትን በስሙ አስገባው።»

«ወረቀቱ አሁን የት ነው?»

«እኔ ጋ አለ።»

«እሱስ ጋ?»

«እሱም ጋ አለ።»

አቶ እንግዳው ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ ጥጃሽ በረትሽ ውስጥ እያለ በሱ ስም ተከተበ በይኛ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሰው ተበድሎ የሚሳቅበት ሽምግልና አይተው ስለማያውቁ አቶ እንግዳው ተማሪዎቹን በትዝብት አይተው ወደ ልጁ ዞሩ።

«አድርገሃል?»

«አድርጌአለሁ፣ አባባ። ተሳስቻለሁ» አለ አበረ፣ በልምምዱ እንደተነገረው አንገቱን ደፍቶ።

አቶ እንግዳው ደነገጡ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በመጀመሪያው ጥያቄ ያመነ በዳይ አላዩም። ሰው በሦስት ምስክር ፊት እንኳ እኔ አይደለሁም የሚል ፍጥረት ነው። ይህ ልጅ የደኅና ሰው ልጅ መሆን አለበት ብለው ደመደሙ። ወደ ሜላት ዞረው፣ «አምኗል። ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር ትዪዋለሽ?» አሉ።

የቲያትሩ ጽሑፍ ላይ «እላለሁ» ይላል። ሜላት ግን «እላለሁ» ብሎ የግድግዳ ሰዓት የተሸለመ ሰው እንደሌለ ታውቃለች። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «አልችልም፣ አባባ። ስድስት ወር ነው» አለችና አለቀሰች። ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው።

«እንግዲያው ዛሬ አያልቅም» አሉ አቶ እንግዳው። «አንተ፣ ዋስ ጥራ።»

«ጓደኛዬ አለ።»

«ጓደኛህ ያንተው እኩያ ነው። አባትህ ማነው?»

ለሌብነቱ የሚለውን ጽፈው ሰጥተውታል፤ ለአባቱ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም። የፈጠራ ስም መጥራት ይችል ነበር። ነገር ግን ሽበት ያለው ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ አባትህ ማነው ሲለው የሰው ስም መጥራት በአበረ አገር የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ሌባ መሆን ይቀላል። «ወገኔ» አለ። «የአዘናው ወገኔ፣ ባለሚዛኑ።»

«የዛሬ ሳምንት አባትህ ባሉበት እንጨርሳለን።»

ሁለት መቶ ተማሪ ተነስቶ አጨበጨበ። መምህር ክንዴ ወደ መድረኩ ወጥቶ እጃቸውን ጨበጠና፣ «እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ አባባ» አላቸው። አቶ እንግዳው እውነቱን ነው ብለው አመኑ። ሰዓቱን ሜላት ወሰደች።

የሰውን ልጅ ስም የሚነካ ነገር በስልክ አይነገርም፣ በመልእክተኛም አይላክም። ስለዚህ አቶ እንግዳው በገበያው ቀን ራሳቸው ሚኒባስ ተሳፍረው አዘና ወረዱ። የወገኔን ቤት አያውቁትምና ጠየቁ። የተጠየቀው ሰው ለምን ፈለጉት አላቸው። አቶ እንግዳው መዋሸት ስለማይወዱ ነገሩን ነገሩት፤ በምስጢር ያዘው ብለው። ሁለተኛው ሰውም ጠየቀ፤ ለሱም በምስጢር ነገሩት። አራት ሰው ጠይቀው ቤቱ ሲደርሱ የአቶ ወገኔ ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ያዝናሉ።

አቶ ወገኔ በአዘና ገበያ በቆሎና በርበሬ የሚመዝኑ ሰው ናቸው። ሌሎች ሚዛን ያላቸው ሰዎችም አሉ፤ ነገር ግን ገዢና ሻጭ ሲከራከሩ «በወገኔ ይለካ» ይባላል፣ ክርክሩም ያበቃል። ሃያ ዓመት የተሠራ ስም ነው። አቶ እንግዳው ነገሩን በአዊኛ ነው የነገሯቸው፤ ለውርደት የቤት ቋንቋ ይሻላል ብለው። አቶ ወገኔ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«አመነ?» አሉ።

«ወዲያው ነው ያመነው። እሱ አስደንቆኛል።»

«እኔንም ደንቆኛል» አሉ አቶ ወገኔ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው በርበሬውን ሌላ ሚዛን ላይ አስመዝኖ መጣና እንደገና በወገኔ ሚዛን አስመዘነ። ኪሎው እኩል ሆነ። ሰውየው «እንዲያው ለማየት ያህል ነው» አለ። የሚቀጥለው ሰውም ለማየት ያህል መጣ።

በቀጠሮው ዕለት አቶ ወገኔ ሙክት በግ እየጎተቱ የኮሌጁ በር ላይ ደረሱ። ዘበኛው ደብተሩን ገልጦ አየና ለበግ የሚሆን የመግቢያ ወረቀት እንደሌለው ነገራቸው። በጉ ከበሩ ውጭ ከቆመው «ታማኝነት መለያችን ነው» ከሚል ሰሌዳ እግር ላይ ታሰረ። አቶ እንግዳው ከጠዋት ጀምሮ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ይጠብቁ ነበር። አበረና ሜላት ተጠርተው መጡ።

አበረ አባቱን ሲያይ ሮጦ ቀረበ። «አባዬ፣ ምን ሆነው መጡ?»

«አንተ የሆንከውን ልጠይቅ።»

«ቲያትር እኮ ነው፣ አባዬ። የክበብ ቲያትር ነው። ምንም አልሰረቅኩም።»

አቶ ወገኔ ወደ አቶ እንግዳው ዞሩ። «ሲሰርቅ በደሉ አንድ ነበር። አሁን ሁለት ሆነ።»

«እውነቱን ነው፣ አባባ» አለች ሜላት። «እኔ ምንም አልተሰረቅኩም። የመመረቂያ ጽሑፌን ገና አልጀመርኩትም።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉ አቶ ወገኔ። «ለሱ አዝነሽ ነው። ይቅር የምትዪው ከሆነ ግን በወጉ በዪ፤ በውሸት አታድኚው።»

አቶ እንግዳው አሁን ገባቸው። የአንሶላው ዛፍ፣ ሳቁ፣ ጭብጨባው፣ የግድግዳው ሰዓት አንድ በአንድ እየመጡ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። የዘንገናው ወይፈን ሲረግጣቸው እንኳ እንዲህ አላመማቸውም። በሕይወታቸው አንድ ጊዜ መካከል ተቀመጡ፤ የተቀመጡትም ባልተደረገ ነገር ላይ ለመፍረድ ኖሯል። ከፊታቸው ደግሞ ሃያ ዓመት የሠሩትን ስም በግ እየጎተቱ የሚያስመልሱ ሰው ቆመዋል።

«አቶ ወገኔ፣ ትንሽ ይቆዩኝ» አሉና አበረን ይዘው ወደ መምህር ክንዴ ቢሮ ወጡ።

መምህር ክንዴ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ አቆመ። «አባባ፣ ሪፖርቱ ዓርብ ዕለት ወጥቷል።»

«ምን ብሎ ወጣ?»

ኮምፒውተሩን አዙሮ አነበበላቸው፦ «በሁለት ተማሪዎች መካከል የተፈጠረ ከባድ ግጭት በአገር ሽማግሌ ዘላቂ እልባት አግኝቷል።»

«ሐሰት ነው እኮ» አለ አበረ።

«ሐሰት አይደለም፣ አልተብራራም እንጂ። ሐሙስ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ከዘጠኝ ክበብ የኛ ነው የተመረጠው። ለመላው ኮሌጅ ነው ይሄ።»

«ልጁ በአገሩ ሌባ ተብሏል» አሉ አቶ እንግዳው። «አባቱ በር ላይ ከበግ ጋር ቆመዋል።»

መምህር ክንዴ እንደ ማስተማሪያ ክፍል ለሰስ ባለ ድምፅ ቀጠለ። «አባባ፣ በሰከነ መንፈስ እንየው። ሰርቆ የማያውቅ ተማሪ ስንት አለ፤ ማን ያውቀዋል? ሰርቆ የተመለሰ ግን ምሳሌ ይሆናል። አበረ ሐሙስ ዕለት የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።»

«ምን የሚል?» አለ አበረ።

«የባህርይ ለውጥ ያመጣ ተማሪ።»

«ከምን ወደ ምን?»

«እሱ አይጻፍም።» ከዚያ መምህር ክንዴ ወደ አቶ እንግዳው ጠጋ አለ። «እርስዎን ደግሞ የክበቡ የክብር ሽማግሌ ልናደርግዎ ነው። በየዓመቱ። ሁልጊዜ መካከለኛው ወንበር የርስዎ ነው።»

ከዚህ በኋላ መምህር ክንዴ በትሕትና ራሱ ወደ በሩ ወርዶ አቶ ወገኔን ጨበጣቸው። «ኮሌጁ በልጅዎ ኮርቷል። ተለውጧል» አላቸው። አቶ እንግዳው ከኋላ ቆመው መካከለኛውን ወንበር ያስቡ ነበር። ለአቶ ወገኔ የቀረቻቸው ጥርጣሬ ካለች በዚህ ተቆረጠች፤ ያልጠፋ ሰው ተለወጠ አይባልም። በጉን ለሜላት ሰጧት። ሜላት በእንባ እምቢ አለች፤ ይህኛው እንባ እንኳ የእውነት ነበር። አቶ ወገኔ በጉን ፈትተው ይዘው ተመለሱ። አዘና ሲደርሱ ሰው ሁሉ የበጉን መመለስ አየ። በጉ ተመለሰ ማለት ተበዳይ አልታረቀችም ማለት ነው። በደሉ ከወረቀት የከፋ መሆን አለበት ተባለ።

አቶ እንግዳው ማታ ነገሩን ለባለቤታቸው ነገሩ። ወይዘሮ ዘውድነሽ ሽሮውን እያማሰሉ ሰሙ።

«የክብር ሽማግሌ?» አሉ።

«በየዓመቱ።»

«ያልሰረቀ ልጅ በየዓመቱ ከየት ያመጡልሃል?»

«ሳትቀልጂ ስሚኝ እስቲ።»

«እየቀለድኩ አይደለም። መካከለኛውን ወንበር ስትመኝ አሥራ አንድ ዓመት አውቄሃለሁ። ተቀመጥበት። የልጁን ስም ደግሞ እኔ አላውቀው፣ አንተም ትረሳዋለህ።» ሽሮውን አወጡ። «ሰውየው ግን ሚዛን ነው አልክ የሚሠራው?»

«ሚዛን ነው።»

«እህ» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ። አቶ እንግዳው ያን እህታ ከሁሉ ንግግራቸው አብልጠው ይፈሩታል።

አቶ እንግዳው ወንበሩን አልተመኙትም ቢባል ውሸት ነው። እስከ ሐሙስ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ተመኝተውታል። ነገሩ በራሱ ጊዜ ይረሳል፣ ልጁም ይመረቃል፣ የአዘና ሰውም የሚያወራው አያጣም ብለው ራሳቸውን ለማሳመን ሞክረው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ግን አዳራሹ በር ላይ አበረን አገኙት። እናቱ ደውላ አባትህ ዛሬ ሚዛኑን አላወጣም ብላዋለች።

ሐሙስ ዕለት እንግዶቹ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። የአንሶላው ዛፍ ታጥቦ ተሰቅሏል። መምህር ክንዴ ድምፅ ማጉያውን ለአቶ እንግዳው ሰጣቸውና እርቁ እንዴት እንደተፈጸመ እንዲነግሯቸው ጋበዛቸው።

አቶ እንግዳው ተነሱ። «እርቅ አልነበረም» አሉ። «ሌባም አልነበረም። እነዚህ ልጆች ሲጫወቱ እኔ እውነት መስሎኝ ፈረድኩ። ቲያትርና ሽምግልና መለየት ያቃተኝ ሰው ነኝ። አበረ ምንም አልሰረቀም። ይህን እንድታውቁልኝ ነው የመጣሁት።»

መምህር ክንዴ ሁለተኛውን ማጉያ አነሳ። «የሽማግሌ ወጉ ይኼ ነው፣ ክቡራን እንግዶቻችን። ከታረቁ በኋላ በደሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። በዳይም የለም፣ ሌባም የለም።» የራሱ ንግግር ልቡን ነክቶት ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እንግዶቹ ተነስተው አጨበጨቡ። አንዲት እንግዳ በማስታወሻዋ ላይ ረዥም ነገር ጻፈች። አበረ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ፤ በካሜራ ፊት የተዘረጋን እጅ ትቶ መሄድ በየትኛውም ኮርስ አልተማረም። አቶ እንግዳውም በመስታወት የተከደነ አንድ ተሰጣቸው። ሊመልሱት ሲዘረጉት ፎቶ አንሺው የሚቀበሉ መስሎት ሁለት ጊዜ አነሳቸው።

ከአዳራሹ ሲወጡ አቶ እንግዳው አንድ ነገር ተረድተው ነበር። በዚያ ቤት እውነት ቢናገሩም ይጨበጨባል። ስለዚህ እውነቱ የማይጨበጨብበት ቦታ መነገር አለበት።

በማግስቱ ሳይሆን በሚቀጥለው የገበያ ቀን በመጀመሪያው ሚኒባስ አዘና ወረዱ። አቶ ወገኔን ከቤታቸው ለምነው ሚዛኑን እንዲያወጡ አደረጉ። «ያውጡት እንጂ። የማፍረው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ይቁሙልኝ ብቻ» አሏቸው። ከሚዛኑ አጠገብ ቆመው ለመጀመሪያው ሰው ተናገሩ። አንዲት በርበሬ ይዛ የመጣች ሴት ናት።

«እህቴ፣ የዚህን ሰው ልጅ ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ተማሪዎች ቲያትር ሲሠሩ እውነት መስሎኝ ሸመገልኩ።»

ሴትየዋ አየቻቸው። «ቲያትር?»

«ቲያትር።»

«መድረኩ ምናምኑ እንዴት አላስታወቀዎትም?»

«ዛፍ ነበረ፤ በአንሶላ ላይ የተሳለ።»

«በአንሶላ ላይ በተሳለ ዛፍ ሥር ሸመገሉ?»

«ሸመገልኩ።»

ሴትየዋ በርበሬዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ሳቀች። ጎረቤቷን ጠራች። ጎረቤቷ ሌላዋን ጠራች። አቶ እንግዳው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አንድ በቆሎ ነጋዴ፣ «እስቲ ያንን ዋስ ጥራ ያሉበትን ይድገሙልን፣ አባ» አላቸው። ደገሙለት። «ተዋናዩ ዋስ አገኘ?» «አባቱን ነው የጠራው።» «እና እርስዎ ሊጠሩለት እዚህ ድረስ መጡ?» «በራሴ ወጪ።» ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ሳቁ። አቶ ወገኔ እንኳ ወደ ሌላ ዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁሉም ወዲያው አላመነም። አንድ ጠንቃቃ ሽማግሌ፣ «ቲያትርና እውነት መለየት ያልቻለ ሰው አሁን የለየው በምን ይታወቃል?» ብለው ጠየቁ። አቶ እንግዳው «እሱስ ልክ ነው» አሉ። ነገር ግን ገበያ በማስረጃ አይሠራም። ስለ ሰረቀ ተማሪ የሚወራው ወሬ በየሳምንቱ የሚገኝ ነው፤ በአንሶላ ዛፍ ሥር የፈረደ ሽማግሌ ግን አዘና ገበያ ውስጥ ከቆመ ወዲህ አልታየም። ከቀትር በኋላ ስለ አበረ የሚናገር ሰው ጠፋ። እየመጡ የሚያዩት አቶ እንግዳውን ነበር። እያዩም እግረ መንገዳቸውን በቆሏቸውን በወገኔ ሚዛን ያስመዝናሉ። አስቀድሞ በሌላ ሚዛን ያስመዘነ አልነበረም፤ ሳቁ ሊያመልጠው ነው እንዴ።

ገበያው ሲበተን አቶ ወገኔ ሚዛናቸውን ሰብስበው፣ «ወደ ቤት እንግባ፣ በጉ አለ» አሏቸው።

«ሚኒባሱ ያመልጠኛል» አሉ አቶ እንግዳው። ድምፃቸው በመናገር ብዛት ሻክሯል።

የኮሌጁ ሪፖርት ከአሥር ቀን በኋላ ታረመ። መምህር ክንዴ በአዘና የሆነውን ሰምቶ አንድ መስመር ጨመረበት፦ «ክበቡ አገልግሎቱን ወደ ማኅበረሰቡ በማስፋት በገበያ ቦታ ሕዝባዊ የሥነ ምግባር መድረክ አካሂዷል።» አበረ የምስክር ወረቀቱን ሻንጣው ሥር ከተተው። አቶ እንግዳውን ከዚያ ወዲህ በእንጅባራ ለሽምግልና የጠራቸው ሰው የለም፤ ለሦስተኛነትም። ዱካ ያስቀምጡ እንደሆነ አልታወቀም።

በዚያው በአዘናው የገበያ ቀን ግን ወደ እንጅባራ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎናቸው አንዲት ዶሮ ያቀፈች ሴት ተቀምጣ ነበር። ሳትጠየቅ ጀመረች። «ዛሬ ገበያ ውለው ነው፣ አባባ? ሰሙ ያን ሰውዬ?»

«የቱን?»

«በአንሶላ ዛፍ ሥር ቲያትር ያስታረቀውን። በጉን እኮ አርዶ ለተዋናዮቹ አብልቷል አሉ። ሰዓት ተሸልሟል አሉ።»

አቶ እንግዳው ስለ በጉም ስለ ሰዓቱም አላረሙም። «የባለሚዛኑ ልጅስ?» አሉ።

«የወገኔ ልጅ? እሱማ ምን አደረገ፣ ምስኪን። ያ የደነዘዘ ሽማግሌ ነው ስሙን ያጠፋው።»

«እንደሱ ነው የሚባለው?»

«ገበያው ሁሉ እንደሱ ነው የሚለው።»

አቶ እንግዳው እግራቸውን ዘርግተው ተደገፉ። ሴትየዋ እንጅባራ እስኪደርሱ ስለ ሽማግሌው ደንዛዛነት ተረከችላቸው፤ እሳቸውም የረሳችው ቦታ ላይ አስታወሷት።